የቼሮኪ ኮፈን ላይ መተንፈሻ መግጠም፦ ለማን ያዋጣል?

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በጂፕ ቼሮኪ ኤክስጄ ኮፈን ላይ የሚገጠመው የአሉሚኒየም ሉቨር (ከንፈር ያላቸው ቀዳዳዎች የተደረደሩበት የመተንፈሻ ሰሌዳ)፣ ቦታው ተጠንቶ ከተቆረጠ፣ ለወጣበት ገንዘብ የሚመጥን ሥራ ይሠራል። ችግሩ የሚሸጥበት ምክንያትና የሚሠራው ሥራ አለመገናኘታቸው ነው። ሻጭ «ሞተር ማፍላት ያቆማል» ይላል። ዕቃው ግን ራዲያተር አይደለም። ከኮፈን ሥር ለታመቀ ትኩስ አየር የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ውኃው የሚፈላ መኪና ላይ ገጥመውት «ምንም ለውጥ አላየንም» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። መኪናው ጤነኛ ሆኖ ዳገትና አሸዋ ላይ በዝግታ ሲነዳ ኮፈኑ ሥር ምድጃ የሚሆንበት ሰው ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል፤ ቆሞ ሳለ ከቀዳዳው የሚወጣውን ሙቀት በእጁ መዳፍ ሊለካው ይችላል።

ኤክስጄን የመረጥነው ያለምክንያት አይደለም። ከ1984 እስከ 2001 ሞዴል ድረስ የተመረተው ይህ መኪና፣ በተለይ ከ1987 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ባለ 4.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ ጠንካራ ሞተር በጠባብ ክፍል ውስጥ የታጨቀበት ነው። ራዲያተሩ ሰፊ ግን አጭር ነው፤ ቁመቱ 28 ሳ.ሜ. ገደማ ብቻ። አየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ኮሌተር ሁለቱም በሾፌሩ በኩል፣ አንዱ በሌላው ራስ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ስለዚህ የግራው ግማሽ ይጋላል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየርም እዚያው ላይ ያልፋል። ራዲያተሩን አልፎ የሚገባው ትኩስ አየር ደግሞ መውጫው አንድ ነው፦ ከሞተሩ ኋላ በካምቢዮው ዙሪያ ወደ ታች። ሞቃት አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እዚህ መኪና ውስጥ ወደ ታች እንዲወጣ ተፈርዶበታል። ፍጥነት ካለ ይወጣል። ፍጥነት ከሌለ ግን ይታመቃል።

ፍጥነት ምን ያህል እንደሚያግዝ በቁጥር ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ሲነዳ ነፋሱ በመኪናው ግንባር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 48 ሚ.ሜ. የውኃ ከፍታ ያህላል። በ50 ኪ.ሜ. ወደ 12 ሚ.ሜ. ይወርዳል። በ10 ኪ.ሜ. ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ማለትም ድንጋይ ላይ በከባዱ ማርሽ ሲዳህ መኪናውን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሳይሆን ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። ነፋሱ ከኋላ ከመጣማ ጭራሽ በቬንትሌተሩ ላይ ነው የሚሠራው። የኮፈን መተንፈሻ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ቬንትሌተሩ የሚገፋው አየር በቅርብ መውጫ ሲያገኝ ሥራው ይቀልለታል።

በሙቀት መለኪያው ላይ ተአምር አይጠበቅ። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት (ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) የሚከፍተው 91 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም 99 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ መኪና ላይ ሉቨር ተገጠመ አልተገጠመ መርፌው እዚያው ይቆማል፤ ቴርሞስታቱ የተሠራው ለዚሁ ነውና። የሚቀንሰው የአየሩ ሙቀት ነው፦ ባትሪው፣ ሽቦዎቹ፣ የነዳጅ መስመሩ፣ የፍሬን ዘይት ዕቃው የሚቀመጡበት አየር። ስለዚህ ሥራውን መመዘን የፈለገ ሰው ርካሽ የሽቦ ቴርሞሜትር ገዝቶ ጫፉን በሦስት ቦታ ይሰር፦ የአየር ማጣሪያው አፍ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ። ያንኑ ዳገት በተቀራረበ የቀን ሙቀት፣ ከመቁረጡ በፊትና በኋላ ይንዳ። ሞተር ከጠፋ በ10ኛው ደቂቃ ያለው ንባብ ከሁሉም ይበልጥ ይናገራል።

ላሜራ ከመነካቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ከዚህ በታች ያሉት ካልተስተካከሉ ቀዳዳው ከንቱ ነው። መጀመሪያ የራዲያተሩ ክዳን። ከ1991 ወዲህ ያሉት ላይ 16 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ መሆን አለበት፤ ላስቲኩ ከደረቀ ይለወጣል። ቀጥሎ ከውኃ ፓምፑ ጋር የሚዞረው ቬንትሌተር ፍሪሲዮን (ክንፉን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው)፦ ሞተሩ ጠፍቶ ትኩስ እያለ ክንፉ በጣት ሲገፋ እየተንከባለለ የሚቀጥል ከሆነ አልቋል፤ ተቋቁሞ ቶሎ መቆም አለበት። በሾፌሩ በኩል ያለው የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር በራሱ የሚነሳው 103 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እስኪሞቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኤሲውን አብሩት፣ ወዲያው መዞር አለበት። ካልዞረ ሪሌውን፣ ፊውዙን፣ ከዚያ ሞተሩን እዩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅና የቬንትሌተሩ ሽፋን ነው። ስፖንጁ ከረገፈ ቬንትሌተሩ ከፊት ቀዝቃዛ አየር በመሳብ ፈንታ ከኮፈን ሥር ያለውን ትኩስ አየር በጎን አዙሮ መልሶ ይስበዋል። አምስት ዶላር የማይሞላ የስፖንጅ ጥቅልል ከመቶ ዶላር ሉቨር የበለጠ ሥራ የሠራባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ቀዝቃዛ ቴርሞስታት መግጠም መፍትሔ የሚመስለውም አለ። ቀዝቃዛ ቴርሞስታት ቀድሞ ይከፍታል እንጂ የራዲያተሩን አቅም አንዲት ነጥብ አይጨምርም።

አንድ ነገር በተለይ፦ የጭስ ኮሌተሩ መሰንጠቅ። ከ1991 እስከ 1999 ያሉት ቱቦ ቅርጽ ያላቸው ኮሌተሮች በመሰንጠቅ የታወቁ ናቸው። ጠዋት ሲነሳ ቲክ ቲክ የሚል፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከተሰማ ያ ነው። ይህ ሳይበየድ ወይም ሳይለወጥ ኮፈን መክፈት አደገኛ ነው፤ የተቃጠለው ጭስ በመተንፈሻው ወጥቶ በፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ ወደ ተሳፋሪው ይመለሳል።

አሁን ወደ ዕቃው። ገበያ ላይ በዋናነት አራት መንገድ አለ፤ አንዱን ብቻ እንመርጣለን።

ከሁሉ የረከሰው ኮፈኑን በኋላ ማጠፊያው በኩል ሮንዴላ ደርድሮ ከፍ ማድረግ ነው። በዝግታ ሲነዳ በእርግጥ ያስተነፍሳል። አውራ ጎዳና ላይ ግን የመስታወቱ ግርጌ ግፊት የሚከማችበት ቦታ ስለሆነ አየር ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም፤ ሞተሩ ከላይም ከፊትም አየር ገብቶበት ይታፈናል። የሞተሩ ሽታም ጋቢና ውስጥ ይገባል። አንመክርም።

ሁለተኛው ከአሮጌ መኪና የተፈታ መተንፈሻ ነው። ከክራይስለር ለባሮን የሚነቀሉት በኤክስጄ ባለቤቶች ዘንድ የቆየ ዝና አላቸው። ርካሽና መልከ መልካም ናቸው፤ ግን ፕላስቲክ ናቸው፣ ክፍታቸውም ጠባብ ነው። አዲስ የሚሸጡት የኤ.ቢ.ኤስ. ፕላስቲክ መተንፈሻዎችም እዚሁ ይመደባሉ። ይህ ፕላስቲክ 100 ዲግሪን ሲያልፍ መለስለስ ይጀምራል። ራዲያተሩ ኋላ ከተገጠመ ችግር የለውም፤ ልክ ከኮሌተሩ በላይ ከተገጠመ ግን ጠርዙ እየተቆለመመ ይመጣል፤ ፀሐይም ቀለም ያልተቀባውን ያነጣዋል።

ሦስተኛው በላሜራ መጫኛ (ፕሬስ) ኮፈኑን ራሱን መቅደድና ከንፈር ማውጣት ነው። ከተዋጣለት ከዚህ የሚያምር የለም፤ ብሎን የለ፣ ስፌት የለ። ግን ከሥሩ አጥንት (ኮፈኑን የሚያጠነክረው ድጋፍ) በሌለበት ቦታ ብቻ ነው የሚቻለው፤ ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ እንደገና ይቀባል፤ ከተበላሸ መመለሻ የለውም።

አራተኛው፣ የምንመርጠው፣ 2 ሚ.ሜ. ገደማ ውፍረት ያለው በዱቄት ቀለም የተጋገረ የአሉሚኒየም ሉቨር ነው። እንደ ዓሣ ስንጥብ ተደርድረው ወደ ኋላ የሚከፈቱ ከንፈሮች አሉት፤ በሪቬት ወይም በብሎን ይታሰራል። ጥንዱ እንደ ሥራው ከ100 እስከ 200 ዶላር ይሸጣል። ሲገዛ የሚታየው የሰሌዳው ስፋት አይደለም፤ የክፍቱ ስፋት ነው። ከንፈሩ 10 ሚ.ሜ. ከፍታና 120 ሚ.ሜ. ርዝመት ካለው፣ ስምንት ሲሆኑ 96 ካሬ ሳ.ሜ. ይሆናል፤ በጥንድ 192። የዚህ መኪና ራዲያተር ፊቱ 2,200 ካሬ ሳ.ሜ. ያህል ስለሆነ፣ አንድ አስረኛው አካባቢ የሚደርስ ክፍት ጥሩ ነው ብለን እንይዛለን። ከንፈሩ 5 ሚ.ሜ. ብቻ የተነሳ ሉቨር ጌጥ ነው። ወንፊት ከሥሩ የተበየደበትም ክፍቱን ግማሽ ያህል ይበላዋል፤ ወንፊቱ ካስፈለገ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን።

(ፋብሪካውም ነገሩን አልናቀውም። የ2013 ራንግለር ሩቢኮን 10ኛ ዓመት እትም ሁለት መተንፈሻ ባለው ጎበጥ ያለ ኮፈን ነው የወጣው፤ ከ2018 ወዲህ ያለው ሩቢኮንም እንዲሁ። ራንግለር ያለው ሰው ላሜራ ከመቁረጥ ይልቅ የተዘጋጀ ኮፈን ቢያፈላልግ ያዋጣዋል። ኤክስጄ ያለው ይህ ዕድል የለውም።)

ቦታ ምርጫው ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኮፈን ላይ ግፊት አንድ ዓይነት አይደለም። ነፋሱ ከግንባሩ ጠርዝ ዘሎ በኮፈኑ የፊት ክፍል ላይ ሲያልፍ ይስባል፤ ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ይቆምና ይጫናል። በፊተኛው ግማሽ ያለ ቀዳዳ ያወጣል፤ መስታወቱ ሥር ያለ ቀዳዳ ያስገባል። በሌላ በኩል፣ ቆሞ ወይም ሲዳህ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ከኮሌተሩ በላይ ነው፣ ይህም ወደ መሃልና ወደ ኋላ ያደላል። ማስታረቂያው እንዲህ ነው፦ የሉቨሩ የኋላ ጠርዝ ከመስታወቱ ግርጌ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ይራቅ፣ የግራው ሰሌዳ ኮሌተሩን በከፊል ይሸፍን። አንድ ብቻ የሚገጠም ከሆነ የግራው ነው። የቀኙ በአብዛኛው ለመልክ ነው።

በግምት ላለመሄድ የሚፈልግ 6 ሚ.ሜ. የሆነ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ አራት ሜትር ይግዛ። መሃሉን ጋቢና ውስጥ በ«ዩ» ቅርጽ ሰሌዳ ላይ አስሮ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ያግባበት። አንዱ ጫፍ ኮፈን ሥር ይቀራል፤ ሌላው ሊቆረጥ የታሰበው ቦታ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ አፉ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዞሮ። ረዳት አጠገብ ተቀምጦ በ80 ኪ.ሜ. ያንብብ። ውኃው ከላይ በተለጠፈው ቱቦ በኩል ከፍ ካለ ያ ቦታ ይስባል፤ ይቆረጥ። ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይሂዱ። ክር ለጥፎ ማየት ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ግፊቱን አይነግርም።

ወደ መቁረጡ ስንመጣ ኮፈኑን ከመኪናው መፍታት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ከመፈታቱ በፊት የማጠፊያው ዙሪያ በእርሳስ ይከበብ፤ አለዚያ ሲመለስ ከፓራፋንጎው ጋር ክፍተቱ አይገጥምም። ሁለት ሰው ይዞት በጨርቅ በተጠቀለሉ ሁለት እንጨቶች ላይ ይጋደም። የሙቀት መከላከያ ምንጣፉ ካለ ይነቀላል። ከሥር ያሉትን አጥንቶች በካርቶን አብነት ላይ ቅዱ፤ የቀዳዳው ጠርዝ ከማናቸውም አጥንት 25 ሚ.ሜ. ይራቅ። አጥንቱና የላይኛው ላሜራ በማጣበቂያ የተያያዙ ስለሆኑ እዚያ ላይ መቁረጥ ኮፈኑን ያላላዋል፤ አውራ ጎዳና ላይ ሲያርገበግብ ይታያል።

የአብነቱ አራት ማዕዘኖች ከሥር ወደ ላይ በ3 ሚ.ሜ. ፑንታ ይበሱ። ያኔ ከላይ ምልክቱ በትክክል አጥንቱን አምልጦ ይወጣል። ከላይ 50 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ተሸፍኖ መስመሩ እዚያ ላይ ይሰመር። ከኮፈኑ መሃል መስመር ወደ ሁለቱም ጎን ይለካ፣ ሰያፉም ይለካ፤ ከዚያ አምስት ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ በዓይን ማየት ነው። ዓይን ሦስት ሚሊሜትር መዛባት ያያል፣ ሜትር አንዳንዴ አያይም። የሚቆረጠው ቀዳዳ ከሉቨሩ ሰሌዳ በየጎኑ 20 ሚ.ሜ. ያነሰ መሆን አለበት፤ ሰሌዳው የሚቀመጥበት ይህ ነው። የሰሌዳውን የውጭ ጠርዝ መስመር የቀዳዳው መስመር አድርጎ የሚቆርጥ ሰው በየጊዜው አይጠፋም፤ መድኃኒቱ ሌላ ኮፈን መግዛት ነው። ሁለቱን መስመሮች በተለያየ ቀለም አስምሩ።

ማዕዘኖቹ ላይ 10 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ይበሳ፤ የሾለ ማዕዘን በንዝረት ስንጥቅ ይጀምርበታል። ከዚያ ባለ 24 ጥርስ የብረት ምላጭ በገባበት የኤሌክትሪክ ሰጌቶ በዝግታ መቁረጥ። የሰጌቶው እግር ቀለሙን እንዳይፍቅ እሱም ፕላስተር ይለጠፍበት። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ጨርሶ መቁረጥ ስህተት ነው፤ ቁራጩ መጨረሻ ላይ ሲንጠለጠል ላሜራውን ያጣምመዋል። በሦስት ቦታ ሁለት ሁለት ሳ.ሜ. ሳይቆረጥ ይቅር፣ ቁራጩ በፕላስተር ይያዝ፣ ድልድዮቹ በስተመጨረሻ ይቆረጡ። ግራይንደር ፈጣን ነው፤ ግን የእሳቱ ፍንጣሪ የፊት መስታወትና የጎረቤት መኪና ቀለም ውስጥ ይቀበራል፣ የቀዳዳውን ዙሪያ ቀለምም ያቃጥላል።

ጠርዙ በሞረድ ጣት እስኪታለፍበት ድረስ ይለስልስ። አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ በመሃሉ ይድረቅ፤ ከሥር በኩል ያለውንም ጠርዝ እንዳትረሱ፣ ዝገት የሚጀምረው ከማይታየው ወገን ነው። የብረቱ ብናኝ ቀለም ላይ ካደረ ጠዋት በጤዛ ብርቱካንማ ነጥብ ሆኖ ይገኛል። ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ ማንሳት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ። ፌስታሉ ሲገለበጥ ብናኙ አብሮ ይወድቃል፤ ማግኔቱም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ለማሰር ሁለት ምርጫ አለ። የአሉሚኒየም ሪቬት 4.8 ሚ.ሜ. ሲሆን ቀዳዳው 4.9 ይበሳል፤ ርዝመቱ ሰሌዳውን፣ ማሸጊያውንና ላሜራውን ደምሮ ተይዞ እስከ 6 ሚ.ሜ. የሚይዝ ይሁን። የማይዝግ 5 ሚ.ሜ. ብሎን ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላና ናይሎን ያለው ዳዶ ገብቶለት ደግሞ ሊፈታ ይችላል፤ ኮፈኑን በኋላ ቀለም ለሚቀባ ሰው ይሻላል። በሁለቱም ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ አንድ ማዕዘን፣ ቀጥሎ በሰያፍ ያለው ማዕዘን፣ ከዚያ ሁለቱ የቀሩት፣ መሃሎቹ በመጨረሻ። በአንድ ጎን ጀምሮ ተራ በተራ የሄደ ሰው ላሜራው መጨረሻ ላይ እንደ ጣሳ ክዳን ይጎብጥበታል። ኮፈኑ ጎባጣ ነው፣ ሰሌዳው ጠፍጣፋ፤ ስለዚህ ሰሌዳው አስቀድሞ ጉልበት ላይ ትንሽ ይታጠፍ እንጂ ብሎኑ እየጎተተ እንዲያስተካክለው አይተው። በመሃል 3 ሚ.ሜ. የላስቲክ ስፖንጅ ማሸጊያ የግድ ነው፤ ውኃ ለመከልከል ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየምና ብረት እንዳይነካኩ። ክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ሚኒሶታና ኦሃዮ ባሉ ግዛቶች ማሸጊያ የሌለው ሉቨር ዙሪያው በሁለት ክረምት ይፋፋል። ምንጣፉ ከተመለሰ ቀዳዳው ከሉቨሩ በየጎኑ 3 ሳ.ሜ. ይስፋ፣ ጠርዙ በአሉሚኒየም ፕላስተር ይታሸግ። የተዘነጠለ ምንጣፍ ኮሌተር ላይ ከወደቀ ይቃጠላል።

ዝናብስ? ሲነዳ የሉቨሩ ከንፈር ወደ ኋላ ስለሚከፈት እምብዛም አይገባም። ቆሞ ሲዘንብ ግን ቀጥ ብሎ ይንጠባጠባል። ኮሌተሩ ላይ የሚወርድ ጠብታ ይተናል እንጂ አይጎዳውም። ስፒንትሮጅኑ (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) በቀኝ በኩል ነው፤ የቀኙ ሉቨር ያረፈበትን ውኃ እዚያ እንዳያወርድ ተጠንቀቁ። በ2000 እና 2001 ሞዴሎች ስፒንትሮጅን የለም፤ ቦቢናው (የእሳት መፍጠሪያው ጥቅል) ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ላይ በርዝመቱ ተጋድሟል፣ ስለዚህ መሃል ላይ የሚከፈት መተንፈሻ ለእነሱ አይሆንም። ባትሪውና ዋናው የፊውዝ ሳጥን ያሉበት የቀኝ ፊት ጥግም እንዲሁ። ሥጋት ያለበት ከ1 ሚ.ሜ. አሉሚኒየም ጎድጎድ ያለ ትሪ ሠርቶ ከቀዳዳው 30 ሚ.ሜ. ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን አዘንብሎ ይሰር፤ የአየሩን መውጫ ትንሽ ይቀንሳል፣ እሱን ማወቅ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ማጠቢያ ግን በሉቨር ውስጥ በፍጹም አይተኮስ። ለእጥበት ቤቱ ልጅ አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ከጎን የሚመጡ ሌሎች ነገሮች አሉ። የቬንትሌተሩ ድምፅ ጎላ ብሎ ይሰማል። በቀትር ቆሞ ሳለ ከሉቨሩ የሚወጣው ሙቀት በመስታወቱ ፊት እንደ አስፋልት ላይ ውኃ ይርገበገባል፤ ይለመዳል። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ግን አይለመድም፣ ዓይን ይወጋል፤ ደብዛዛ ጥቁሩን ግዙ።

የ2000 እና የ2001 ባለቤቶች ለብቻቸው አንድ አንቀጽ ይገባቸዋል። ትኩስ መኪና ነዳጅ ማደያ ቆሞ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ሲነሳ ተንገጫግጮ፣ አንድ ሲሊንደር የሞተ መስሎ፣ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ፣ ሦስተኛው ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ) ነው። የኮሌተሩ ሙቀት ወደ ላይ ተነስቶ ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ያተነዋል። ነዳጁ ተመልሶ ወደ ታንከር የማይዞርበት መስመር ስለሆነ እዚያው ቆሞ ይበስላል። ፋብሪካው ያወጣው መላ በዚያ ኢንጀክተር ላይ የሚጠለቅ የሙቀት መከላከያ እጅጌ ነው። መጀመሪያ እሱን አድርጉ፣ ርካሽ ነው። የግራው ሉቨር የዚህን ችግር ምንጭ ስለሚነካ፣ ሁለቱ አብረው ሲገጠሙ ነው ጥሩ የሚሆነው። ገና ያልወሰነ ሰው ደግሞ ማደያ ሲደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ይቁምና ይሞክር። ከፍቶ ሲያቆመው ችግሩ ከጠፋ ሉቨሩም ይረዳዋል፤ ካልጠፋ ገንዘቡ ይትረፍ።

አገር ቤት ላንድክሩዘር 70 ላይ ይህንኑ ለማድረግ ለሚያስቡ ሁለት ቃል። አንደኛ፣ ቪ8 ዲዝሉ ኮፈን ላይ ያለው አፍ መውጫ ሳይሆን መግቢያ ነው፤ ሞተሩ ላይ ለተቀመጠው ኢንተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው) አየር ይቀዳል፣ ከሱ ጋር አይምታታ፣ አጠገቡም አይቆረጥ። ሁለተኛ፣ ከፍታ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ራዲያተሩም ሉቨሩም በዚያው ልክ ያነሰ ሙቀት ይሸከማሉ። ንጹሕ ውኃ እዚያ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። 16 ፒ.ኤስ.አይ. የሚይዝ ደህና ክዳን ይህን ወደ 118 ያወጣዋል። ክዳኑ ከላላ ግን በ91 ዲግሪ የሚከፍት ቴርሞስታት ገና ሥራ ሲጀምር ውኃው መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። አፋር ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ይብሳል፤ አሸዋው ላይ በዝግታ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋ ሲነዳ ከላይ ያልነው ሁሉ በአንድነት ይመጣል። አቧራ የሚፈራ ካለ፣ ወደ ኋላ የሚከፈት ሉቨር ሞተሩ እየሠራ ሳለ ያስወጣል እንጂ አይስብም። ኮንቮይ ውስጥ ሞተር አጥፍቶ ሲቆም ግን አቧራው ከላይ ይወርዳል፤ የአየር ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይታይ።

እንግዲህ ለማን? በአውራ ጎዳና ብቻ ለሚነዳ፣ አይ። ውኃው ለሚፈላበት፣ ገና አይ። አሪዞናና ኔቫዳ በረሃ ውስጥ በከባዱ ማርሽ ለሚዳህ፣ ዊንች ለሚጎትት፣ ባትሪውና የፕላስቲክ ማያያዣዎቹ በየዓመቱ ለሚደርቁበት፣ አዎ፤ አሉሚኒየሙን፣ የግራውን አስቀድሞ። ከተገጠመ 500 ኪ.ሜ. በኋላ ብሎኖቹ አንድ ጊዜ ይፈተሹ፣ ስፖንጁ ሲታመቅ ይላላሉና። በዚያው አጋጣሚ የኮፈኑ መቆለፊያም ግሪስ ይቀባ።